«ለሳንባ ነው!» የምትለዋ ልክነሽ

በየከተማው አንዲት ሴት አለች፤ ብቅ ስትል ጎልማሳው ሁሉ መንገድ የሚሻገርላት፣ ያልጮኸ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ፣ እሺ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚልላት። የሌላውን ከተማ አናውቅም፤ አርባ ምንጭ ላይ ይህን ሥልጣን የያዘችው የሁለቱ ሰፈሮች፣ የሴቻና የሲቀላ፣ የበጎ አድራጎት ንግሥት፣ ክብርት ወይዘሮ ልክነሽ ነበረች።

ትኬት ትሸጣለች። የቶምቦላ፣ የቴአትር፣ የእግር ኳስ፤ ተጫዋቾቹ ገና ያልተገኙለት ግጥሚያ ሳይቀር። «ለምንድነው?» ብሎ የጠየቃት ሰው አለቀለት። «ለሳንባ ነው!» ትላለች፤ እጇ ኪሱ ደጃፍ ደርሷል።

ሳንባው አብራት የምትኖረው የወንድሟ ልጅ የሚሪያም ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ብዙ ተመራምረው ሕመሟን «ሲስቲክ ፋይብሮሲስ» አሉት፤ ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ፣ ደረት ውስጥ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ አክታ የሚያመጣ በሽታ። ሰው ላይ አይጋባም። ሰፈሩ ግን ሳል ሲሰማ ሌላ ሌላ ያስባል። አንድ ሠርግ ላይ ሚሪያም ስትስል ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች። ልክነሽ የሚሪያምን ብርጭቆ አንስታ ጭልጥ አደረገችና ያችኑ ሴትዮ ትኬት አስገዛቻት። ሁለት።

ለቅሶ ድንኳንም አይቀራትም። «ኧረ ነውር ነው!» ሲሏት፣ «ሟች ቢኖሩ እኮ ይገዙ ነበር» ትላለች። ሟች በሕይወት ሳሉ ለማንም ሰባራ ሳንቲም ሰጥተው አያውቁም።

ዋናው ተጠቂ አቶ ሸዋንዳኝ ናቸው። ከሰሜን መጥተው፣ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጸጥታ የሚወዱ ሰው፤ እግዜር ግን ከልክነሽ ጋር አንድ ግድግዳ አካፈላቸው። ማለዳ ታንኳኳለች። «ጋሼ፣ መኖርዎን አውቃለሁ፤ ሬዲዮኑ አሁን ነው የጠፋው!»

አንድ ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሚሪያም መድኃኒት የምትተነፍስበት ማሽን ተበላሸ። ያለ እሱ ደረቷ ይዘጋል። ልክነሽ ሰው ሰብስባ ጨረታ አወጣች፤ ዓሣ አስጋሪው ዳልጮም ከጫሞ ሐይቅ ያወጣውን፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል ዓሣ ለገሰ። የዚህን ጨረታ ደንብ አገር ያውቀዋል፤ ያሸነፈ ይከፍልና «መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ዕቃው እንደገና ይጫረታል። ዓሣው ተሸጠ፣ ተመለሰ፤ ተሸጠ፣ ተመለሰ። የአርባ ምንጭ ፀሐይም ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ሰው በአንድ እጁ እየተጫረተ በሌላው አፍንጫውን ያዘ። በዚህ መሀል፣ በቅርቡ ተዛውረው የመጡ አንድ ሹም አሸነፉና ከፈሉ፤ ከዚያ ዓሣውን ባጃጅ ላይ ጭነው እብስ!

ለማሽኑ ገና ብዙ ይቀራል፤ የሚጫረት ነገር ግን የለም። ሚሪያም ከፊት ወንበር ላይ ሆና፣ «አክስቴ፣ አንቺን እንሽጥሽ እንጂ!» አለች።

ሰው ሳቀ። ልክነሽ አልሳቀችም።

«ጥሩ! ያሸነፈውን ሰው በር እስከ መስቀል አላንኳኳም!»

እንዲህ ያለ ጨረታ ከተማዋ አይታ አታውቅም። የማይሰጡ ሰጡ፤ ባልና ሚስት እርስ በርስ ተጫረቱ። በመጨረሻ አቶ ሸዋንዳኝ ወንበር ላይ ቆመው፣ ለቀብራቸው ያስቀመጡትን ጨምረው አሸነፉ። ሰው ሁሉ ምላሻቸውን ጠበቀ።

«አልመልስም!» አሉ። «ይዤው እሄዳለሁ!»

ማሽኑ ተገዛ። ልክነሽም ቃሏን ጠበቀች። አቶ ሸዋንዳኝ ሬዲዮናቸውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ተንፈላሰሱ። ሰንበትበት ሲል ግን ማለዳ ማለዳ ዝም ብለው በሩን ማየት አመጡ፤ ሬዲዮኑንም ዘግተው ከግድግዳው ማዶ የሚያጉረመርመውን ማሽን ያዳምጡ ጀመር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ማሽኑ መሀል ላይ ቀጥ አለ።

በባዶ እግራቸው ሮጠው የልክነሽን በር ደበደቡት።

«ምነው ጋሼ?»

«ልጅቷ! ማሽኑ ዝም አለ!»

«መብራት ጠፍቶ ነዋ። ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቷል።»

አቶ ሸዋንዳኝ ጭቃ የነካ እግራቸውን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እ... የጨረታውን ዕቃ ልመልስ ነው የመጣሁት። መልሼ ሰጥቻለሁ።»

ሚሪያም ከውስጥ እየሳለች እየሳቀች ጮኸች፦ «አክስቴ፣ በገዛ እግራቸው መጡልሽ! በሩን ዝጊ!»

በሩን የዘጉት ራሳቸው አቶ ሸዋንዳኝ ነበሩ፤ ከውስጥ ሆነው።