የት ሳይሆን ምን

[ከስብሰባ አዳራሽ ጎን ያለች ጠባብ ቢሮ። ጸሐፊዋ እንደወትሯቸው መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ይወለውላሉ። የኔትወርክ ባለሙያው ላፕቶፑ ላይ አፍጥጧል።]

ባለሙያው፦ እትዬ፣ መነጽሩ እኮ ጠርቷል! አሁን የሚያስቸኩለው እሱ ነው?

ጸሐፊዋ፦ አንተንስ ምን አስቸኮለህ?

ባለሙያው፦ ንግግሬ! ዳይሬክተሮቹ ተቀምጠዋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልጀመርኩ ፕሮጀክቱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ጽሑፉ ደግሞ አልከፈት አለኝ።

ጸሐፊዋ፦ የት ነው ያለው?

ባለሙያው፦ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ላይ።

ጸሐፊዋ፦ እዚህ ለሚነበብ ነገር እዚያ ድረስ ምን ወሰደው?

ባለሙያው፦ ለጥንቃቄ ነዋ! የዛሬ ኢንተርኔት እንዲህ ነው፤ ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው የሚኖርበትን አድራሻ ነው የሚጠይቁት። ባለአድራሻው ዝም ካለ አለቀ።

ጸሐፊዋ፦ ታዲያ ጎረቤት ጠይቃ።

ባለሙያው፦ [ይስቃል] ጎረቤት! እትዬ፣ ይሄ ስኳር መበደር መሰለዎት?

ጸሐፊዋ፦ ስሙ ማን ነበር?

ባለሙያው፦ የማን?

ጸሐፊዋ፦ የጽሑፉ።

ባለሙያው፦ ስም ምን ይሠራል? እምቢ ያለው አድራሻው ነው! «የነገው ኔትወርክ» ይባላል፤ ይኸው ስሙን ጠራሁት፣ ተከፈተ?

ጸሐፊዋ፦ [መሳቢያ ስበው ወረቀት ያወጣሉ] እንካ።

ባለሙያው፦ [ደንግጦ] ከየት መጣ?

ጸሐፊዋ፦ ከየትም ይምጣ። እሱ ነው ወይስ አይደለም?

ባለሙያው፦ ማን እንደነካካው በምን አውቃለሁ? ከሰርቨሩ አልመጣ!

ጸሐፊዋ፦ በየገጹ ግርጌ ያለው የማን ፊርማ ነው?

ባለሙያው፦ ...የኔ።

ጸሐፊዋ፦ ትናንት ፈርመህ ለየቢሮው አሳደልከኝ እኮ፣ ልጄ። እስቲ ገጽ ሦስትን አንብብልኝ።

ባለሙያው፦ [ያነባል] «በአዲሱ አሠራር ሰው የሚፈልገውን በስሙ ይጠይቃል፤ ቅጂው ያለው የቅርብ ጎረቤት ይሰጠዋል። የሚታመነውም በመጣበት ቦታ ሳይሆን በፊርማው ነው።» [ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል]

ጸሐፊዋ፦ ስተይበው ደስ ብሎኝ ነበር። ሂድ፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል።

ባለሙያው፦ እትዬ፣ በሞቴ! ቃለ ጉባኤውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ሁሉንም ይጻፉ፣ እዚህ ከሆነው ግን አንዷን ብቻ ይተዉልኝ።

ጸሐፊዋ፦ የቷን?

[ባለሙያው በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፤ ወረቀቱን ታቅፎ ወደ አዳራሹ ይሮጣል።]

ጸሐፊዋ፦ [እየጻፉ] «ተናጋሪው በሰዓቱ ጀመሩ። ሐሳቡን ያመነጩት ራሳቸው ናቸው፤ የገባቸው ግን ዛሬ ጠዋት ነው።»