ጅቡቲ ይቀየር

በየቤታችን ብፌ ውስጥ ማንም የማይጠጣበት የብርጭቆ ዘር አለ። ጠርዙ ወርቃማ ቅብ ያለው፣ ለእንግዳ ተብሎ የተገዛ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ይሰበራል» ተብሎ እዚያው የሚተው። ጎረቤት ለሠርግ ልዋሰው ቢል እናቶቻችን ደማቸው ይፈላል። የኔን ብርጭቆ? ምን ሲደረግ! ታዲያ እማዬ፣ አንቺስ መቼ ጠጣሽበት? ይህን የጠየቀ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ አልጠይቅም። ደግነቱ ብርጭቆ አይከፋውም። አቧራውን ለብሶ ዝም ይላል። ጉዱ የሚመጣው ሰውን ብፌ ውስጥ ያስቀመጡ ዕለት ነው።

የኛ ብርጭቆ ሙክታር ይባላል። ሃያዎቹን የጀመረ፣ ቀን ቀን መጋላ ገበያ ጣቃ ጨርቅ ከመኪና ሲያወርድ የሚውል፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ደግሞ በሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን በቀኝ መስመር የሚሰለፍ ልጅ ነው። የሚሰለፍ ማለቴ እንኳ ለክብሩ ነው፤ የሚቀመጥ ብል ወደ እውነቱ እቀርባለሁ። ቡድናችን ሜዳ የለውም፤ ያለው ወንዝ ነው። ድሬ ዳዋ ላይ ወንዝ ሲባል ውሃ የሚጠብቅ እንግዳ ካለ ይቅርታ ይደረግልን፤ የኛ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። እንጨት ተክለን በር እንሠራለን፤ ክረምት ላይ ደራሽ ጎርፍ ይመጣና በሩን ይዞ ይሄዳል። እስከ ዛሬ ከገጠሙን አጥቂዎች ሁሉ በሩን ራሱን ነቅሎ የሄደ እሱ ብቻ ነው።

አሸዋ ላይ የሮጠ ያውቀዋል፣ እግር ይይዛል። ሙክታርን ግን አሸዋው የያዘበት ቀን የለም። የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ኳሷን ከመስመሩ ጥግ ተቀበለ፣ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ የሜዳውን መጨረሻም አለፈ፣ ተመልካቹንም አለፈ፣ ማዶ በለስ የምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከተመልካቹ አንዱ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «አቦ ይሄ ልጅ አንዴ ከተነሳ ጅቡቲ ሳይደርስ አይቆምም!» አለ። ወንዙ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሙክታር የሚለው ስም መታወቂያው ላይና እናቱ አፍ ውስጥ ብቻ ቀረ። ለኛ ጅቡቲ ሆነ።

እንዲህ የሚሮጥ ልጅ ለምን አግዳሚ ላይ ይቀመጣል? ጥያቄው ለአሰልጣኛችን ለጋሽ ተፈራ ይድረስ። ጋሽ ተፈራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባቡር ጣቢያ፣ ስልክ ሥር ነው። የትኛው ባቡር ይለፍ፣ የትኛው ይቁም፣ ሥራቸው ይኸው ነበር። ኳስም ለሳቸው ባቡር ናት። ከበረኛ ወደ ተከላካይ፣ ከተከላካይ ወደ አማካይ፣ በየጣቢያው ቆማ፣ ተፈትሻ፣ ደወል ተደውሎላት ነው የምትሄደው። ሙክታር ደግሞ የሚያውቀው መነሻና መድረሻ ብቻ ነው። ኳሷ ሳትላክ እሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃታል። ዳኛው ያፏጫል፤ ከጨዋታ ውጪ። ጋሽ ተፈራ ጭንቅላታቸውን ይዘው «ሳይታዘዝ የተነሳ ባቡር!» ይላሉ፤ ልጁም ወደ አግዳሚው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሰው ካልተሰበረ በቀር አያስገቡትም። ደጋፊው በየጨዋታው ማብቂያ ላይ ይግባልን ለማለት «ጅቡቲን ቀይር! ጅቡቲን ቀይር!» እያለ ጉሮሮውን ይሰነጥቃል። እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አያዩም።

የሳቢያን ሰፈር ልጆች ግን አይተውታል። የነሱ ቡድን ሁለት ጥሩ በረኛ አለው፤ የኛ ቡድን ደግሞ በረኛ አለው ብሎ መናገር ይከብዳል። የኛው በረኛ ጎል ከገባ በኋላ ነው የሚወድቀው፣ ለሐዘን ይሁን ለመዝናናት ለይተን አላወቅንም። ስለዚህ የሳቢያን ሰዎች አንድ ቀን መጥተው «አንዱን በረኛ እንስጣችሁ፣ ጅቡቲን ስጡን፣ እንቀያየር» አሉ። እኛም እናቶቻችን ስለ ብርጭቆው የሚሉትን አልን። የኛን ጅቡቲ? ምን ሲደረግ!

ልጁ ይህን ሰማ። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠና ጫማውን እያራገፈ «አቦ ጋሼ፣ ወይ አጫውቱኝ፣ ወይ ልቀቁኝ» አለኝ። አጎቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደሚሠራና ና ና እያለ እንደሚወተውተው ነገረኝ። መሄድ እንደማይፈልግም ነገረኝ። «ድሬን ትቼ የት እሄዳለሁ? ግን ደግሞ ኳስ ከሌለ እዚህ ምን አለኝ? ጣቃ ብቻ ነው እኮ ያለኝ» አለ። እናቱ የምትፈራው ጅቡቲን አይደለም። ከጅቡቲ ቀጥሎ ያለውን ባሕር ነው። ባሕሩን እንሻገራለን ብለው የወጡ የመጋላ ልጆች አሉ፤ የነሱ እናቶች እስከ ዛሬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ።

እንግዲህ አስተያየቴን ልስጥ። እኔ የቡድኑ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፤ እስካሁን የጻፍኩት ነገር ባይኖርም ማዕረጉ አለኝ። የሚሮጥ ሰው የሚፈልገው ቦታና ኳስ ነው። ካለህ ትሰጠዋለህ፤ ከሌለህ ላለው ትለቅለታለህ። ከዚህ ሌላ ምን መንገድ አለ? እኛ ግን አገኘን። ስብሰባ።

ስብሰባችን ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ከሊቀመንበራችን ከአዩብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል፣ በርጫ ላይ ነው። ድሬ ውስጥ ቁም ነገር ሁሉ ጫት ላይ ይነሳል፤ ችግሩ እዚያው መተኛቱ ነው። ጫቱ ሲጀመር ሁላችንም አስተዋዮች ነን። ልጁን አልተጠቀምንበትም፣ በረኛ የለንም፣ ስለዚህ ልቀቁት እንላለን። ምርቃናው ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጅቡቲ የአገር ኩራት ይሆናል፣ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ሲመለስ ወንዙን ሣር ያለብሰዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለሳቢያን? አስተግፊሩላህ! ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ምርቃናው ይወርዳል፤ እያንዳንዱ የራሱ ጣጣ ትዝ ይለውና ማንም ምንም ሳይወስን ጫማውን ፈልጎ ይወጣል። ቀጠሮ ለሚቀጥለው ዓርብ። ልጁን በጣም እንወደው ነበር፣ ወላሂ። ልንለቀው እስከማንችል ወደድነው፤ ልናጫውተው ግን አልደረስንም።

አንድ ዓርብ ምርቃናው ከወትሮው ከፍ አለ። አዩብ ከፍራሹ ላይ ተነሳና ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ይህ ልጅ አግዳሚ ላይ ማርጀት የለበትም፣ እሑድ ከዕረፍት መልስ ተቀይሮ ይግባ፣ ጋሽ ተፈራ ቢከፋቸውም ይክፋቸው አለ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እንደ ልማዳችን ቢሆን ውሳኔው ከፀሐይዋ ጋር ይጠልቅ ነበር። አዩብ ግን ፀሐይዋን ቀደማት። ስልኩን አወጣ።

ጋሽ ተፈራ ጫት አይነኩም፤ ዓርብ ዓርብ ቤታቸው ናቸው። ባቡር ጣቢያ የሠራ ሰው ደግሞ በስልክ የመጣ ትእዛዝ ላይ አይከራከርም። የሰማውን ቃል በቃል ይደግማል፣ ከወዲያ «አዎ» ሲባል ይዘጋል፣ ይፈጽማል። ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ሳይጋጭ የኖረው በዚህ ነው። አዩብም አፉ ጫት እንደሞላ «ጋሽ ተፈራ፣ ኮሚቴው ወስኗል፣ ጅቡቲ ይቀየር» አላቸው። እሳቸውም ደገሙ፤ «ጅቡቲ ይቀየር»። አዩብ «አዎ» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

እስቲ ይህችን ቃል ተመልከቷት። እኛ ተቀይሮ ይግባ ማለታችን ነበር። ከተማው ሁሉ ስለ ሳቢያን በረኛ በሚያወራበት ሰሞን፣ ቤታቸው ተቀምጠው ስልክ ለሚያነሱ ሰው ግን ይቀየር ማለት ምን ማለት ነው? ሁለት ባቡር ሳያጋጩ ጡረታ የወጡ ሰው በአንዲት ቃል ላይ ተጋጩ።

ጋሽ ተፈራ የዚያኑ ዕለት ለሳቢያኖች ደውለው ነገሩን ጨረሱ። ክፉ ዜና በስልክ አይነገርም ብለው ደግሞ በእግራቸው መጋላ ወርደው የሙክታርን በር አንኳኩ። ኮሚቴው እንደቀየረው ነገሩት። እሱም ከማን ጋር ብሎ ጠየቀ። ከበረኛው ጋር አሉት። ኋላ እሳቸው ራሳቸው እንደነገሩኝ ልጁ ሳቀ። «እኔን በሚቆም ሰው ለወጡኝ?» አለ። ምን ይበሉት? ትእዛዝ ነው አሉት።

እሑድ ወንዙ ዳር አንድ ረጅም ልጅ ጓንቱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና ሰላም ብሎን ቆመ። ማን ነህ ብንለው «የተቀየርኩት እኔ ነኝ» አለ። አዩብ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ ማንም ሳይስቅ ሲቀር ግን ወደ ጋሽ ተፈራ ዞሮ መጮህ ጀመረ። ጋሽ ተፈራም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ደግሜልህ የለም? አዎ አላልከኝም?» አሉት። ልክ ነበሩ። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ሁሉም ልክ ነበር፤ ልጁ ግን የለም። ሳቢያን ደወልን። እኛም እየጠበቅነው ነው፣ አልመጣም አሉን።

ወደ እናቱ የተላክሁት እኔ ነኝ። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጸሐፊ ይታወሳል። እናቱ ፋጡማ መጋላ ገበያ ድርያ የሚባለውን ስስ ቀሚስና ሽርጥ ትሸጣለች። ስታየኝ እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከጨርቆቹ ሥር የታጠበችና የታጠፈች ማልያ አውጥታ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በጭነት መኪና እንደሄደ ነገረችኝ። ጅቡቲ። ከዚያ ወዲያ ይሂድ አይሂድ አላውቅም አለች፤ ስለ ባሕሩ ስትጠይቀው ወሬ ቀይሮባት ነበር።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። «ስማ ልጄ፣ ስሙን ጅቡቲ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ያወጣሁለት ሙክታር ነው። ሙክታር በዓረብኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? የተመረጠ ማለት ነው።» ይህን ብላ ለመጣችው ገዢ ድርያ ዘርግታ ማሳየት ጀመረች። ቀለሙን እያመሰገነች። እስካሁን ሳሾፍ ቆየሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። የዚያን ቀን ግን ማልያዋን በብብቴ ይዤ ከገበያው ስወጣ አለቀስኩ። ሰው ሲያየኝ ላቤን የምጠርግ መሰልኩ፤ የድሬ ሙቀት ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው።

አልፎ አልፎ ለእናቱ ይደውላል። ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል፤ እግሩን አሸዋ የማይዘው ልጅ። አንዴ ስለ ቡድኑ ጠይቆ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ አለችኝ። «በረኛው እንዴት ነው? ይይዛል ወይ?» ብሎ።

ይይዛል፣ ወንድሜ። እንዲያውም ተአምር ነው። ከመጣ ወዲህ ጎል አይገባብንም። ችግሩ እኛም አናገባም። ኳሷ በየጣቢያው ቆማ፣ ተፈትሻ፣ ደወል ተደውሎላት ትሄድና የመጨረሻው ጣቢያ ላይ የሚቀበላት ታጣለች። ጨዋታው ሁሉ ባዶ ለባዶ ያልቃል። ዓርብ ዓርብ አሁንም እንሰበሰባለን፤ የቀኝ መስመራችን ላይ ምን እናድርግ የሚል አጀንዳ ይዘን።

ያለፈው እሑድም ባዶ ለባዶ ነበርን። ሊያልቅ ሲል ደጋፊው፣ ልማድ ሆኖበት ይሁን ብሶት፣ «ጅቡቲን ቀይር! ጅቡቲን ቀይር!» ማለት ጀመረ። አግዳሚው ላይ የነበርነው እኔና የታጠፈችው ማልያ ብቻ ነበርን። በየጨዋታው ይዣት እመጣለሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጋሽ ተፈራ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዞረው የማያውቁት ሰውዬ፣ ድንገት ወደ አግዳሚው ዞሩ። «ጅቡቲ፣ ተነስ፣ ተሟሟቅ» አሉ።

«ጋሽ ተፈራ» አልኳቸው፣ «ተቀይሯል እኮ።»