የቧንቧውን ምት ስለ መያዝ

የምርምር ቤቱ ሦስተኛው ዳይሬክተር በወንበራቸው በተቀመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሻይ ክፍሉ በር፣ ሰባት ሰው እየሰማ፣ የራጅ ክፍሉ ዶክተር ቧንቧ ጠጋኙን ጌታ አባ ጥብቅን ሰደባቸው። “ስድስተኛ ክፍልን በመስኮት ያየህ ሰውዬ፣ ስለ ምት ምን ታውቃለህ?” አለ። ስኳር ያማስል የነበረው እንኳ ሳቀ፤ ስሙ ተመዝግቧል።

የነገሩም ሥር ይህ ነው። በዚያ ቤት የራጅ ብርሃን በምት በምት ይተኮሳል፤ አንዱ ምት ከዓይን ጥቅሻ እጅግ እጅግ ያጠረ ነው፤ በእርሱም ኤሌክትሮን የተባለው ደቃቅ በሞለኪውል ውስጥ ሲራወጥ ሳያስበው ፎቶ ይነሣል አሉ። ሥዕሉ ግን ደብዝዞ፣ ዶክተሩም ምቱ ተዛባ ብሎ ሲያማርር፣ አባ ጥብቅ እኔም ከእሑድ ጀምሮ ታዝቤዋለሁ አሉ፤ እርሳቸው የሚያውቁት ምት የማቀዝቀዣውን ውኃ ቧንቧ ምት ነበርና። ስድቡ የመጣው በዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላም ዶክተሩ በበሩ ላይ አዋጅ ለጠፈ፦ “ሥዕሉ እስከ ሐሙስ ካልጠራ ጥፋቱ የቧንቧ ክፍሉ ነውና፣ ሠራተኛው ወደ አትክልት ማጠጣት ይዛወር።” ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ያጠበቀ ክንድ አበባ ሊያጠጣ።

ወእምዝ ሐሙስ ማለዳ፣ ሊቃውንቱ በኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው የብርሃኑን ምት ሲፈልጉ፣ ኃያሉ አባ ጥብቅ፣ ሞገደ ማይን የሚገሥጹ፣ ብሎን የሚርድላቸው፣ ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ የተከተሏቸውም ትልቁ መፍቻ፣ ትንሹ መፍቻ፣ አፉ የላላው ፒንሳ፣ ሁለት የጎማ ቀለበት፣ ባትሪ ያበራችላቸው የጽዳቷ እትዬም ነበሩ፤ ከሰው ወገን እርሷ ብቻ። ሐኪም የበሽተኛ እጅ እንደሚይዝ ቧንቧውን ያዙ፤ ሁለት መትቶ አንድ ይስታል። ፓምፑን ከወለሉ ያሰረው ብሎን ላልቶ፣ ንዝረቱ በቧንቧው ሽቅብ ወጥቶ ብርሃኑን የሚመራውን የላይኛውን መስተዋት ያርገፈግፍ ኖሯል። ጎማ ደረቡለት፤ ብሎኑ አሻፈረኝ ቢልም ገሠጹት፤ ሩብ ዙር አጠበቁት፤ እሺ አለ።

በዚያችም ሰዓት ከላይ እልልታ ሆነ፤ ሥዕሉ ጠራ፤ ኤሌክትሮኑም እንደ ተያዘ ሌባ አቀርቅሮ ታየ።

ዶክተሩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ፤ ላቡን እየጠረገም፣ “ጋሼ፣ ምኑን ነክተውት ነው? ለሪፖርቱ ይንገሩኝ እንጂ” አለ።

አባ ጥብቅ ግን፣ የውኃን ፈረስ በሩብ ዙር የገሩ፣ የደቃቁን ሩጫ ለዓለም የገለጹ፣ ሰላም ለእዴሁ ዘአጽንዐት ብሎነ፣ መፍቻቸውን በጨርቅ ወለወሉ፤ ፒንሳውን ለእትዬ አቀበሉ፤ በአጠገቡም አልፈው ወጡ።