የረዳቱ የነጎድጓድ ዜና ዝምታ፣ ልጁ ድንቡሼ ፊደል በቆጠረች ዕለት

አባት በሆነ በስድስተኛው ዓመት፣ የበኩር ልጁ የፊት ጥርስ ተነቃንቆ ገና ባልወደቀበት ወራት፣ ታናሽዬው ዳዴ ማለትን ንቆ ግድግዳ ይዞ መቆም በጀመረበት ሰሞን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ፀሐይ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ማሞቅ በጀመረችበት ሰዓት፣ ጎሮሮ ብረቱ፣ ዐቃቤ በር ዘሚኒባስ፣ መጋቤ ተሳፋሪ፣ እስከ ሦስተኛው ፌርማታ ድረስ ተሰሚው፣ ሾፌሮች ሁሉ ነጎድጓድ ብለው የሰየሙት ረዳት አፉን ዘግቶ የተቀመጠበት ዜና ይህ ነው። ያልሰማ ይስማ፤ የሰማም ላልሰማ ያሰማ፤ ያላመነም ቢኖር አይፈረድበትም፣ እኛም መጀመሪያ በነገሩን ጊዜ አላመንንም ነበርና።

ይህ ከመሆኑ አስቀድሞ፣ ባለፈው ዓመት፣ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያችው ክፍል ሽንፈት ደርሶበት እንደ ነበር አንሸሽግም፤ ዜና ጸሐፊ የጌታውን ውድቀት ከሸሸገ ድሉን ማን ያምነዋል? የሕፃናትን ዕድገትና ዕውቀት የምትመዝነው መርማሪት፣ ውሻ ስንት እግር እንዳለው የበኩር ልጁን ድንቡሼን በጠየቀቻት ጊዜ፣ ልጅቱም ጣቷን አውጥታ በሐሳቧ ያለውን ውሻ ከፊት ወደ ኋላ ስትዳስስ፣ ከኋላዋ የተቀመጠው ነጎድጓድ «አራት! አራት ነው እናቴ!» ብሎ አስተጋባ፤ ድምፁም በመስኮት ወጥቶ መንገድ ተሻግሮ አራት ቁጥር አውቶቡስን የሚጠብቁትን ሰዎች ዕቃቸውን አስይዞ አስነሣቸው። ሕጉ ግን ወላጅ ከኋላ ተቀምጦ ይመልከት እንጂ ትንፍሽ አይበል የሚል ነበርና ፈተናው ፈረሰ፤ ልጅቱም ለከርሞ ተባለች። ዓመቱን ሁሉ በሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ፣ በሾፌሩና በመስኮቱ መካከል ተሸጉጣ ከረመች፤ እኩዮቿ ቦርሳ አንግተው ሲያልፉ ባየች ጊዜም እጇን ታወዛውዝላቸው ነበር። ነጎድጓድም ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱ እርር ይላል፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ያውቃልና።

የፈተናው ቀን ዳግመኛ በደረሰ ጊዜ ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እመቤተ መርፌ ወመቀስ፣ ራሷ ልትሄድ ወድዳ ነበር፤ ድንቡሼ ግን ያለ አባዬ እግሬን አላነሣም ብላ በማወጇ ቀረች። ስለዚህም ሜትሯን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ በባሏ ላይ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «ስማኝ አንተ ሰውዬ፤ ዛሬ ትንፍሽ ብትል እኔና አንተን አንድ ጣሪያ አይችለንም። ልጄ ሌላ ዓመት መኪና ውስጥ አትከርምም። ሳል ቢመጣብህ ዋጠው፣ ማስነጠስ ቢመጣብህ ዋጠው፣ ካቃተህም ምላስህን ራሱን ዋጠው።» ነጎድጓድም እሺ አለ፤ ነገር ግን ሌሊት በእንቅልፉ ሳይቀር ወራጅ አለ እያለ ቤተሰቡን የሚቀሰቅስ ሰው ነበርና እሺታውን ከራሱ በቀር ያመነው አልነበረም። እርሱም ራሱ እምብዛም አላመነው።

በተነሣም ጊዜ የተከተሉት ጭፍሮች እነዚህ ናቸው፦ ከፊት ሾፌሩ፣ ሊቀ መሪ፣ ክላክስ በመንፋትም መለከተኛ የሆነ፣ ለወዳጁ ክብር የጠዋቱን ሥራ የተወ፤ ከእርሱ ቀጥላ የሚስቱ እኅት፣ ታናሽዬውን በጀርባዋ ያዘለች፤ ከእርሷም ቀጥሎ ጎረቤታቸው ጡረተኛው፣ ማንም ሳይጠራው የትም የሚገኝ፤ ከእርሱም ቀጥሎ አንድ ዓይኗ የጠፋና ፀጉሯ በመቀስ የተጎዳ አሻንጉሊት፤ በመካከላቸውም ድንቡሼ፣ አፍንጫዋ ተጠርጎ፣ ጫማዋ ተወልውሎ፣ ጉንጯ እንደ ልማዱ አብጦ፤ ከሁሉ በኋላ በሩን ይዞ ነጎድጓድ፣ ጥርሱን ነክሶ። በመንገድ ያሉ ሰዎች ሚኒባሱን አይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ እርሱም እንደ ልማዱ ሊጣራ አንገቱን በመስኮት ካወጣ በኋላ እሺታው ትዝ አለውና አንገቱን ይዞ ተመለሰ። ያዩትም ሰዎች ይህን ሰውዬ ምን ነካው ተባባሉ።

ከትምህርት ቤቱ በር በደረሱ ጊዜ ዘበኛው «አንድ ልጅና አንድ ወላጅ ብቻ፤ ሌላው እዚሁ» ብሎ ዐወጀ፤ ጭፍራውም ሁሉ ከአጥሩ ሥር ሰፈረ። ወደ ውስጥ የገቡባት ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ግድግዳዋ እስከ ወገብ ቢጫ፣ ከወገብ በላይ ነጭ፤ ወንበሮቿም ለሕፃናት የተሠሩ ነበሩና ነጎድጓድ ከአንዱ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ጉልበቶቹ ከጆሮዎቹ ጋር ተገናኙ። መርማሪቱም ባለ መነጽር፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ኮቴዋ የማይሰማ፣ በሕጓ ግን ንቅንቅ የማትል ሴት ነበረች። ገና ስታየው ዐወቀችውና፣ ልጅቱም አፏን ከፍታ እየሰማች፣ እንዲህ ብላ ዐወጀች፦ «እርስዎ የልጅቷ አባት፣ አስታውሰዎታለሁ። ዛሬ አንዲት ቃል ከወጣዎት በቃ፣ ፈተናው ይፈርሳል። በምልክት ቢሆን፣ ጉሮሮ በመጥረግ ቢሆን፣ በእግር ኳኳታ ቢሆን ያው ነው። እኔም አንዴ የጠየቅኩትን አልደግምም፣ አላብራራም።» ነጎድጓድም ራሱን በመነቅነቅ ሊመልስ ከጀመረ በኋላ መነቅነቅም ምልክት እንዳይሆንበት ፈርቶ ከመካከል አቆመው፤ አንገቱም በዚያው ዘሞ ቀረ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ፈተናው ተጀመረ። በአንድ እግርሽ ቁሚ ተባለች፤ ቆመችም፤ አባቷም ሳይታወቀው ከተቀመጠበት አንድ እግሩን አነሣ፤ እርሷ ወደ ግራ ስታዘነብል እርሱም ወደ ግራ አዘነበለ፤ ወንበሩም ሲጥ አለ። መርማሪቱ ከመነጽሯ በላይ አየችው፤ ወንበር ግን ቃል አይደለምና ማረችው። ባለ ቀለም እንጨቶችን ደርድራ ግንብ እንድትሠራ ታዘዘች፤ ግንቡ በተንገዳገደ ጊዜ የነጎድጓድ ትንፋሽ ቀጥ አለ፤ ግንቡ በጸና ጊዜ ተመለሰ። ሰው ሣዪ ተባለች፤ ሣለችም፤ ራስ፣ ሁለት ዓይን፣ ጣቱ የበዛ እጅ፣ ከሁሉም የሚበልጥ አፍ፤ ነጎድጓድም አንገቱን አስግጎ አየና ይህን ሰው የት ነው የማውቀው ብሎ አሰበ። ከዚያም የተቃራኒ ጥያቄ መጣ፤ ልጅቱም የሙቅ ተቃራኒ ቀዝቃዛ፣ የላይ ተቃራኒ ታች መሆኑን ያለ ምንም መንተባተብ አስታወቀች፤ የሙሉ ተቃራኒ ምን እንደ ሆነ በተጠየቀች ጊዜ ግን በሚኒባስ የከረመች ናትና «ሙሉ የሚባል ነገር የለም፤ ጠጋ ጠጋ በሉ» ብላ ዐወጀች። መርማሪቱ ሳቋን በሳል ሸሸገች። ነጎድጓድ ግን የገዛ ቃሉን በልጁ አፍ ሰምቶ ኩራትና ድንጋጤ ባንድነት ያዙት።

የመጨረሻይቱ ጦርነት ከግድግዳው ጋር ነበረች፤ በዚያም የፊደል ገበታ ተሰቅሎ ነበር። ነጎድጓድ ባየው ጊዜ ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ልጁ ፊደልን አብጠርጥራ ታውቃለችና፤ ዓመቱን ሁሉ ከፊት ወንበር ሆና የሱቁን ማስታወቂያ፣ የሚኒባሱን ታፔላ፣ አጥር ላይ የተጻፈውን መሽናት ክልክል ነውን ጭምር አንድ በአንድ ስትለቅም ከርማለች፤ እርሱም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ እየመታው፣ ከውጭ ሆኖ ሲያስጠናት ነበር። መርማሪቱም ማመልከቻ ዘንጓን ለልጅቱ ሰጥታ እንዲህ ስትል አዘዘች፦ «በይ እንግዲህ የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ፊደል ቁጠሪልኝ።»

ጉድ እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ሁሉ ፊደል ቁጠር ሲሉት ሀ ሁ እንደሚል ያውቃል፤ እገሌ ፊደል ቆጥሯል በተባለ ጊዜም ስንት ሆነለት ብሎ የጠየቀ ከቶ የለም። ድንቡሼ ግን የተባለችውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ ቁጠሪ ተባለች፤ ቆጠረች። ዘንጓን በሀ ላይ አሳርፋ አንድ አለች፤ በለ ላይ አሳርፋ ሁለት አለች፤ በሐ ላይ ሦስት፤ እንዲህም እያለች፣ ወደ ጎን ሳትል፣ እንደ ደረጃ ቁልቁል ወረደች።

በዚያች ሰዓት ነጎድጓድን ያገኘው መከራ በጠላት እንኳ አይድረስ። «እሱን አይደለም እናቴ» የምትለው ቃል ከሆዱ ተነሥታ፣ ደረቱን አልፋ፣ ጎሮሮው ላይ እንደ ተሳፋሪ ተጋፍታ ቆመች፤ ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ ትላለች፤ እርሱም በሩን ዘጋባት። ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን ነከሰ። ድንቡሼም አሥርን አለፈች፣ ሃያን አለፈች፣ ሃያ ዘጠኝ ላይ ደርሳ ጥቂት አሰበችና «ሃያ አስር» ብላ ዐወጀች፤ «ሃያ አስራ አንድ»ንም በሙሉ ልብ አስከተለች። ያን ጊዜ መርማሪቱ ሰዓቷን አይታ እርሳሷን አነሣች። ነጎድጓድም ፊደል አታውቅም ተብሎ ሲጻፍ፣ ልጁም ሌላ ዓመት በመስኮት እጇን ስታወዛውዝ በዓይነ ልቡናው አየ፤ ይህንም አልቻለም፤ ባርኔጣው ከጥርሱ ወደቀ፤ አፉም ተከፈተ። በዚህ ቅጽበት ድንቡሼ ዞር አለች፤ በአንድ እጇ ዘንጓን ከፊደሉ ሳታነሣ፣ የሌላውን እጇን ጣት በከንፈሯ ላይ አድርጋ ዓይኗን አፈጠጠችበት። እርሱም አፉን ገጠመ፤ ሆድ ይፍጀው አለና ዓይኑንም ጭምር ጨፈነ።

ሃያ አስራ ሦስት በተባለ ጊዜ ፐ ላይ ደረሰች፤ ከፐ በታች ባዶ ግድግዳ ብቻ ነበር። ልጅቱም ዘንጓን እንደ ጦር ተክላ፣ ፊቷን ወደ መርማሪቱ መልሳ እንዲህ ብላ ዐወጀች፦ «ቲቸር፣ ሃያ አስራ ሦስት ናቸው። ግን እኮ ይሄም ሀ ነው፣ ይሄም ሐ ነው፣ እዚህ ታች ያለውም ኀ ነው። ሦስቱም ስማቸው አንድ ነው። እናታቸው ሀ ብላ ስትጣራ የትኛው ነው አቤት የሚለው?» ይህንም ብላ አላበቃችም፤ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን አ፣ ሁለቱንም ጸ በየቦታቸው በዘንጓ እየነካች፣ እነዚህም መንትዮች ስለ ሆኑ ቤታቸው ውስጥ ጭቅጭቅ ሳይኖር እንደማይቀር አስረዳች።

የመርማሪቱ እርሳስ በአየር ላይ ቀረ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሕፃናትን ስትጠይቅ እንጂ ስትጠየቅ አልኖረችም። ወደ ገበታው ቀርባ ሦስቱን ሀዎች ለብዙ ጊዜ ተመለከተች፤ አንዳቸውም አቤት አላሏትም። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗ እስኪያነባ ድረስ ሳቀች፤ ሳቋም ባለቀ ጊዜ እንዲህ ብላ ዐወጀች፦ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አጠያየቄ ነው የተበላሸው። ልጅቷ አልፋለች፤ ሰኞ ቦርሳዋን ይዛ ትምጣ። እርስዎም የልጅቷ አባት፣ ጨርሰናል፤ አሁን መናገር ይችላሉ።» ነጎድጓድም ሊያመሰግን ብድግ አለ፤ ወንበሩም አብሮት ብድግ አለ፤ መርማሪቱ በአንድ ወገን፣ ልጅቱ በሌላው ወገን ይዘው እስኪያላቅቁት ድረስ ምስጋናው ዘገየ። በተላቀቀም ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ወደ በሩ በወጡ ጊዜ ጭፍራው ሁሉ ከአጥሩ ሥር ተነሣ፤ ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ፤ አክስቲቱና ጡረተኛው ምን ሆናችሁ በሚል ዓይን ከበቧቸው። ድንቡሼም በሚኒባሱ መውጫ ላይ ቆማ፣ ከአባቷ በወረሰችው ጎሮሮ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «አባዬ አለፈ! አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሊሳሳት ሲል እኔ ነኝ ያስታወስኩት። አምና ወድቆ ነበር። ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ አብሬው መኪና ውስጥ ከረምኩ። አሁን ግን ስላለፈ እኔም ትምህርት ቤት መሄድ እችላለሁ።»

ነጎድጓድም ይህን በሰማ ጊዜ ፊቱን ወደ ጎማው መልሶ አለቀሰ፤ ዓመት ሙሉ እርሱ በጥፋቱ ሲቃጠል፣ ልጁ ለካ እርሱን ስታስታምም ነበር የከረመችው። ሾፌሩ ነገሩ ባይገባውም አብሮ አለቀሰ። ታናሽዬው ግን በአክስቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ይስቅ ነበር።

እንግዲህ ሀገር ያስገበረ ብዙ ነው፤ ምላሱን ያስገበረ ማን አለ? በጦር የቆሰለው ቁስሉን ያሳያል፤ በዝምታ የቆሰለው የተነከሰ ባርኔጣውን ከማሳየት በቀር ምን ምስክር አለው? ስለዚህ ለጎሮሮ ብረቱ፣ ለዐቃቤ በር፣ ስለ ልጁ በሰባት መቆለፊያ ለተቆለፈው አባት ምስጋና ይገባዋል፤ ከእርሱም በላይ ለድንቡሼ፣ ለፊደላት ቆጣሪት፣ ለመርማሪት መርማሪዋ፣ የወደቀ አባቷን ብቻውን ላልተወችው ምስጋና ይሁን። ዕድሜያቸው ይርዘም፤ ወንበራቸው አይጉደል፤ ሰኞም ቶሎ ይድረስላቸው፤ አሜን።