ከጣሳው የተረፈው ዓሣ

ሰው ዕቃን የሚያምነውን ያህል ሰውን ቢያምን ኖሮ ዳኞች ሥራ ፈት ይሆኑ ነበር። የቤቱን ቁልፍ ለገዛ ወንድሙ ለመስጠት ሳምንት የሚያስብ ሰው፣ ምሳውን ግን ለማያውቀው ጣሳ ያለ አንዳች ጥርጣሬ አስረክቦ ይተኛል። እናንተስ? እስቲ ተነሡና ማቀዝቀዣችሁን ክፈቱ። ከወደ ኋላ፣ ከጎመኑ ጀርባ፣ ክዳኑ እንደ ምላስ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ የቀረ አንድ ጣሳ የለም? ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደተቀመጠስ ታስታውሳላችሁ? አትፈሩ፣ ጓዳችሁን ልበረብር አልመጣሁም። የመጣሁት የራሴን ልናገር ነው፤ እሱው ይበቃል።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ሳይመጣ፣ ፒያሳ የሚባል ስም ሳይታወቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ አራዳ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በነበረ የአንድ ግሪክ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ኮት እለብሳለሁ። አሥር የፈረንሳይኛ ቃል አውቃለሁ፤ መቶ እንደሚያውቅ ሰው ደግሞ እራመዳለሁ። በሱቁ ሻማው፣ ላምባው፣ ክሩ፣ ስኳሩ ሁሉም ነበረ፤ የእኔ ኩራት ግን ከበስተጀርባዬ በመደርደሪያው ላይ የተሰለፈው የቆርቆሮ ምግብ ነው። አገሬው ይመጣና አንዱን ጣሳ አንሥቶ ያገላብጠዋል፣ ጆሮው ሥር አድርጎ ይነቀንቀዋል፣ "ለመሆኑ ውስጡ ያለው ምንድነው?" ይለኛል። እኔም ራሴን ከፍ አድርጌ እየዘረዘርኩ አስረዳለሁ። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ጣሳ አንዱን እንኳ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ሰው የጠየቀኝን ሁሉ ስመልስ እኔ ራሴ የምጠይቀው ሰው እንደሚያስፈልገኝ ትዝ አላለኝም።

ባለቤቴ የሺ የቡልጋ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ እናት ቤት ነው። ይህ ማለት የሺ በበቅሎ ሦስት ቀን ተጉዛ ትሄዳለች፣ ትወልዳለች፣ ትታረሳለች፣ ልጁ ክርስትና ይነሣል፣ ከዚያ "ትንሽ ይጠንክር" ይባላል፣ ከዚያ ክረምቱ ይገባል፣ ወንዙ ይሞላል። ጣቴን እያጠፍኩ ስቆጥር ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ደግሞ የሺን ሳላያት የዋልኩ ቀን እህል አይወርድልኝም። በዚያ ዘመን ባል ሚስቱን መውደዱን በአፉ አይናገርም ነበርና ሳልናገር ቀረሁ፤ አሁን ልናገረው፤ እወዳት ነበር።

ጥምቀት አልፎ በሳምንቱ አማቴ ባላምባራስ ከቡልጋ መጡ። በአንዲት በቅሎ ላይ ራሳቸው ተቀምጠዋል፤ ሁለተኛዋን በቅሎ ባዶ ኮርቻ ጭነው ያስከትላሉ። ያን ባዶ ኮርቻ አየሁት። ለማን እንደተጫነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አማቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን አያልቅም። አራዳን ባዞርኳቸው በሁለት ቀን ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናው ክሩን ከታች የሚያቀብለው ማን እንደሆነ፣ ሕንዱ ነጋዴ ለምን ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ እንደሚቀመጥ፣ አትክልት የሚሸጡት ሴቶች ጎመኑን ውኃ የሚረጩት ለማሳመር ይሁን ለማክበድ፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። ለጠየቁኝ ሁሉ መልስ ሰጠሁ፤ ግማሹን ከራሴ ፈጥሬ። አሳቤ አንድ ነበር። ይህ ከተማ ብልሃተኛ ነው፣ ልጅም ቢወለድበት አይጎዳም ብለው እንዲያምኑና የሺን ትተውልኝ እንዲሄዱ። ለዚህም ያዘጋጀሁት አንድ ትልቅ ነገር ነበረኝ፤ ግሪኩ ጌታዬ ለጥምቀት የሰጠኝ፣ ለሆቴል ቤት የሚመጣ፣ ባለ ወርቃማ ወረቀት የዓሣ ጣሳ።

ማክሰኞ ለምሳ ጣሳውን አቀረብኩት። የሚከፍትልኝ ጎረቤታችን ሰይድ ነው። ሰይድ ከወሎ መጥቶ አራዳ ቤት የሠራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሲሆን ባዶ ጣሳ እየሰበሰበ ኩራዝና መጠጫ ይሠራል። በመሮና በመዶሻ ክዳኑን ዙሪያውን እየነቆረ ከፈተው፤ ዓይኑ ግን ዓሣው ላይ ሳይሆን ጣሳው ላይ ነበር።

አማቴ ወደ ጣሳው አጎነበሱ። "በማን ስም ታረደ?"

"ዓሣ ነው፣ ባላምባራስ። አይታረድም።"

"መቼ ተጠመደ?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል።"

ቀና አሉና እኔን ትኩር ብለው አዩኝ፤ እንደገና ወደ ጣሳው አጎንብሰው አሸተቱ። ከዚያ አማትበው አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሥጋ ቢሆን ከእኛ ማዕድ የማይቆርሰው ሰይድም "ቢስሚላህ" ብሎ ቀመሰ። የዚያን ቀን ቤቴ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ጣሳ በላ፤ እኔ ራሴ ያጠመድኩት ይመስል ደረቴ ተነፋ። ጣሳው ግን ትልቅ ነበርና ከግማሽ በላይ ተረፈ።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ማግስቱ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ ቢኖሩም አማቴ ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ የተረፈው እስከ ሐሙስ መቀመጥ አለበት። ሰይድ ጊዜ አላባከነም። "ጌታው፣ ገልብጡትና ጣሳውን ልውሰደው" አለ።

"ምን በወጣው!" አልኩ። "በዚህ ጣሳ ውስጥ ባሕር ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ በባቡር ተጭኖ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይበላሽ የመጣ ዓሣ ለሁለት ቀን ብሎ ከቤቱ ይውጣ? ፈረንጅ የሚያደርገውን አያጣውም።"

ሰይድ ጣሳውን በጥፍሩ ጠቆም ጠቆም አደረገው። "እኔ የቆርቆሮ ሰው ነኝ፣ ጌታው። ቆርቆሮ ምንም አያውቅም። ዓሣውን የጠበቀው ብየዳው ነበር፤ እሱን አሁን እኔ ቀደድኩት።"

እንደዚህ ግልጽ አድርጎ የነገረኝን ቃል ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን የመለስኩለት በፈረንሳይኛ ነበር፤ ከአሥሩ ቃላቴ ሁለቱን።

አማቴ ሁለታችንንም ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸው በራ። "ግሩም ነው" አሉ። "ብልሃቱ የዕቃው ይሁን የሰው እንየው። ግማሹን እዚያው ተወው። ግማሹን ለልጄ ስጣት፤ እንደ እናቷ ወግ ታኑረው። ሐሙስ ሁለቱንም እንቀምሳለን። የጣሳህ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ በእውነት አገራችሁ ብልሃተኛ ነው፣ የሺ እዚሁ ትውለድ። ካልሆነ ግን ዓርብ ጠዋት ያቺ በቅሎ ባዶዋን አትመለስም።"

እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ! ሚስቴን በግማሽ ጣሳ ዓሣ አስያዝኳት። የሺ ድስት ለማምጣት ስትነሣ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የድርሻዬን ጣሳ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ለምን መስኮቱ ላይ? ወርቃማውን ወረቀት መንገደኛ እንዲያይልኝ ነዋ! የጥር ፀሐይ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን የሚያርፈው እዚያው ላይ መሆኑን አላሰብኩትም። ክዳኑን መለስ አድርጌ ጨረስኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለፈረንጅ ተውኩ። የሺ ደግሞ ማክሰኞውኑ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን ጨምራ፣ ዓሣውን ከተተችና አፈላችው። ከድና ከእንስራው ጎን፣ ከቀዝቃዛው መሬት ላይ አኖረችው። ረቡዕ ጠዋት እንደገና አንተከተከችው። ማታም እንደዚያው። ወጥ ያሳደረች ሴት ሁሉ የምታደርገውን ነው እንጂ የተለየ ጥበብ አልነበራትም። እኔ ግን "ይኼ ማታለል ነው!" ብዬ ተከራከርኩ። አማቴ "እሳት አይነካውም ያለ ማን ነው? አንተም ጣሳህን አፍላ" አሉኝ። ፈረንጅ ያበሰለውን ደግሜ ላበስል? ኮቴ አልፈቀደልኝም።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሁለቱ ዕቃ ጎን ለጎን ቀረበ። የየሺ ድስት ሲከፈት ቤቱ በበርበሬና በሽንኩርት ሽታ ታወደ። የእኔን ጣሳ ራሴ ከፈትኩት።

ውዶቼ፣ ሸቶ ነበር። ብዙ አይደለም። አፍንጫውን ማመን የማይፈልግ ሰው "የባሕር ሽታ ነው" ሊለው የሚችል ዓይነት ሽታ ነው። ዳር ዳሩ ጠቆር ብሏል፤ ዘይቱ ላይም አንድ ሁለት አረፋ አየሁ። የሺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ተው፣ አትብላው" አለችኝ። እኔ ግን የማየው ዓሣውን አልነበረም፤ በበሩ በኩል ደጅ ላይ የታሰረችውን በቅሎና በላይዋ ያለውን ባዶ ኮርቻ ነው።

"እንዲያውም ጣፍጧል" አልኩና ጀመርኩት። አማቴ ሊቀምሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ጣሳውን ወደ ራሴ ሳብኩት። "ይኼ የእኔ ድርሻ ነው" ብዬ እስከ መጨረሻው በላሁ። ዘይቱንም በእንጀራ ጠረግኩት። አማቴ እጃቸውን ሰብስበው፣ የልብስ ስፌት መኪናውን ባዩበት ዓይን አዩኝ።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልነግራችሁም፤ ምናልባት እየበላችሁ የምታነቡ ትኖራላችሁ። ሱቅ አልተመለስኩም። የሺ ራሴን ደግፋ ያዘችኝ፤ ሰይድ ፌጦና ሎሚ ይዞ መጣ። ያ ምስኪን ባዶውን ጣሳ ጥጉ ላይ ወድቆ ሲያየው እንኳ፣ እኔ እስክረጋጋ ድረስ ሳያነሣው ቀረ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል የማስበው ግን ሆዴን አልነበረም፤ ነገ ዓርብ መሆኑን ነው።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱም በቅሎዎች ተለጉመው ቆሙ። አማቴ ገብተው ከመደቤ አጠገብ ተቀመጡ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"ሲከፈት አሽትተሃል። አይቼሃለሁ" አሉኝ።

"አሽትቻለሁ።"

"እኔ እንዳልቀምሰውም የሳብከው ስለዚያ ነው።"

ጋቢውን ራሴ ላይ ሳብኩት።

"ታዲያ ለምን በላኸው?"

"የሺን እንዳይወስዱብኝ" አልኩ። ሌላ መልስ ፈጥሬ ለመናገር አቅም አልነበረኝም።

አማቴ ጥያቄ የሚያልቅባቸው ሰው አይደሉም፤ ያን ጊዜ ግን ያለቀባቸው መሰለኝ። በመጨረሻ ተነሡና ኩታቸውን አስተካከሉ። "ውርርዱን ተሸንፈሃል" አሉ። "ግን ልጄን ይዤ ብሄድ አንተ በዚህ ጭንቅላትህ፣ ጣሳ በሞላበት ሱቅ ውስጥ፣ ብቻህን ልትቀር ነው። የልጅ ልጄ ሳይወለድ አባቱን ልቅበር? ትቆይልህ። እናቷን እልካለሁ።"

ባዶው ኮርቻ ባዶውን ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ወይዘሮዋ፣ የየሺ እናት፣ ተቀምጠውበት መጡ፤ አራት ድስት አስጭነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። በነዚያ ዓመታት በቤቴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳይፈላ ወደ አፌ የገባ ነገር ቢኖር ውኃ ብቻ ነው፤ እሱንም የፈቀዱልኝ አሽትተው ነው።

ግሪኩን ጌታዬን የጠየቅሁት ሥራ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ስንት ዓመት የሸጥኩትን ዕቃ ምንነት ስጠይቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቀብኝ። እሱ ጣሳ በከፈተ ቁጥር ወዲያው ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጦ፣ ከድኖ፣ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ያኖረውና በማግስቱ ይጨርሰዋል። ነፋስ ከገባበት በኋላ ጣሳ እንደ ማንኛውም ሳህን ነው አለኝ። ሰይድ በነፃ የነገረኝን ማለት ነው።

ጣሳውን ሰይድ ኩራዝ ሠራበት፤ ለልጃችን ልደትም አበረከተልን። ሴት ልጅ ናት። አሁን እሷ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች፤ የሺ ካረፈች ወዲህ የምትጦረኝም እሷው ናት። ሰርዲን በከፈተች ቁጥር የተረፈውን ቀምቼ ወደ ብርጭቆ ስገለብጥ፣ ከድኜ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳስገባ፣ በማግስቱም ደግሜ ሳሞቀው ትሥቅብኛለች። "አባዬ፣ እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ፤ ይህን ሁሉ እኔን አታስተምረኝ" ትለኛለች።

የአራዳ ልጅነቷ እውነት ነው። የሆነችው ግን አባቷ አንድ ሐሙስ ሞኝ ስለሆነ መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።