ክብርት ታይፒስትና መገኘት የሌለበት ሬሳ

በየቤተሰቡ «ትንሽ ብቻ ነው የነካካሁት» የሚል ሰው አይጠፋም። ሬዲዮህን ይነካካል፣ የበርህን ቁልፍ ይነካካል፤ ሲጨርስ ሬዲዮው ዝም፣ በሩ አልከፈት ይላል። የደራሲው አክስት ግን የሚነካኩት ሬሳ ነው።

ደራሲው የወንጀል ልብወለድ ይጽፋል። የእጅ ጽሁፉ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ አንብቦ የሚተይብለት ከአክስቱ ሌላ ሰው አልተገኘም። እኚህ ክብርት ታይፒስት ሰላሳ ዓመት ቢሮ ተይበው ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ሰክተው ሰውን ከላይ የሚያዩ ሴት ናቸው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ መርማሪው በር አንኳኩቶ «ይቅርታ፣ መግባት ይቻላል?» ይላል። ተተይቦ ሲመጣ ይቅርታው የለም፤ በሩም ተገንጥሏል።

«እትዬ፣ በሩን ምን አደረጉት?»

«ትንሽ ብቻ ነው የነካካሁት። በእኛ ጊዜ አንኳኩቶ የገባ መርማሪ አላየሁም።»

በሁለተኛው፣ ገዳዩን እስከ መጨረሻው ገጽ ለመደበቅ ደራሲው ስምንት ወር ተጨነቀ። ክብርትነታቸው ምዕራፍ አንድ ላይ አወጡት።

«እትዬ! አንባቢው እኮ ‹ማን ገደለ?› ብሎ ነው የሚገዛው!»

«ማን እንደገደለማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በማግስቱ መንገድ ላይ ሰላም ይልሃል። ይልቅ ሬሳውን የት እንዳደረጉት ጻፍ።»

ለሦስተኛው ማተሚያ ቤቱ «ሰኞ ካልገባ ተራህ ለሌላ ነው» አለው። የዚህ መጽሐፍ ምስጢር ደግሞ ሬሳው አለመገኘቱ ነው።

«በሞቴ እትዬ፣ ሬሳው እንዳይገኝ። ከተገኘ መጽሐፍ የለኝም።»

«እሺ የኔ ጌታ።» እሳቸው እሺ ሲሉ ነው መፍራት።

እሁድ ገልጦ ቢያይ፣ ምዕራፍ ሰባት ላይ ሬሳው ተገኝቷል! ጥድ ስር። ግራጫ ሹራብ ለብሶ፣ ክርኑ በቡናማ ክር ተጥፎ። እናቱ ቆመው አስቀብረውታል። ደራሲው ወረቀቱን እያውለበለበ አክስቱ ቤት ገባ።

«ገደሉኝ እኮ! ደግሞ ይሄ ሹራብ ከየት መጣ? ግራጫ በቡናማ ይጣፋል?»

«ግራጫ ክር አጥቼ ነው» አሉ፣ ጣታቸው መተየቢያው ላይ እንዳለ። «አጎትህን የወሰዱት ቀን እሱን ነበር የለበሰው።»

ደራሲው ከመወለዱ በፊት ተወስዶ የቀረ አጎት እንዳለው ያውቃል። ቤት ውስጥ ግን ስሙ ተነስቶ አያውቅም።

«አርባ ዓመት ፈለግኩት» አሉ። «አንተ ደግሞ ድጋሚ አጥፊው ትለኛለህ።»

ደራሲው ወረቀቱን አስቀምጦ ወንበር ሳበ። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ነገረኛ! ደግ አድርገህ እንዳትጽፈው።»

ሰኞ ማተሚያ ቤቱ ተራውን ለሌላ ሰጠ። ደራሲው አክስቱ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ምዕራፍ ስምንትን እንደ አዲስ እየጻፈ ነበር፤ ክብርትነታቸው በትከሻው ላይ አጮልቀው፣ «ኧረ እንደሱ አይደለም የሚስቀው! ሰርዝ!» እያሉ።