ግድግዳው በርዶት ነው?

ሰው ዕድሜ ልኩን ሲሸሸው የኖረውን ነገር ሱቅ ሄዶ በውድ ዋጋ የሚገዛበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የእናንተን ቤት አላውቅም፤ እኔ ግን ያደግሁት ልስን በሌለው የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። የመንዝ ንፋስ በድንጋዮቹ መሀል እየሾለከ ገብቶ ከእኛው ጋር ያድር ነበር። እናቴ ሌላ ሀብት አልተመኘችም፤ የተለሰነ ግድግዳ ብቻ። ሞላሌ ከተማ ላይ የራሴን ቤት ሠርቼ በሲሚንቶ ያስለሰንኩ ዕለት ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ደባበሰችው፣ ደባበሰችውና አለቀሰች። ግንበኛው ሥራው ያልተወደደለት መስሎት ደነገጠ።

እንግዲህ ከዚያችው እናት የተወለደው ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ነው፣ እዚሁ ሞላሌ ልሙጥ አድርጎ የተለሰነ ቤት ገዝቶ በገባ በሳምንቱ መዶሻና መሮ ይዞ ልስኑን ማራገፍ የጀመረው።

"አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ድንጋዩ መታየት አለበት።"

"ድንጋይ ማየት ካማረህ ደጅ አትወጣም? መንዝ ውስጥ ድንጋይ ጠፋ?"

ሳቀብኝ። "ሬትሮ ነው፤ የድሮ መልክ" አለኝ። ጌትነት ፎቶ ቤት አለው፤ የሰው ፊት ሲያሳምር ስለሚውል መልክ የሚባል ነገር ከማንም በላይ ይገባኛል ባይ ነው። ሬትሮ ማለት የአባቶቻችን ችግር በልጆቻቸው ገንዘብ ማለት እንደሆነ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው።

ቀጥሎ ኮርኒሱን አወረደ። የጣሪያው እንጨት አዲስ ስለሆነበት ከፋውና ጥቁር ቀለም በቆርቆሮ ገዝቶ ቀባው፤ ጥቀርሻ እንዲመስልለት። ጥቀርሻ! እናታችን ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቅጠል አስራ፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ስታራግፈው የኖረችውን! ከዚያ ደግሞ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ለጠፈ። አባታችንም ይለጥፍ ነበር፤ በዱቄት ሙጫ። ማንበብ ስለማይችል ግማሹን ገልብጦ ነው የሚለጥፈው። እኔ ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ስለሆነ እስከ ዛሬ ሳነብ አንገቴ ዘንበል ይላል። ጌትነት ግን የድሮ የሚመስል አዲስ ወረቀት ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ቀጥ አድርጎ ለጠፈው። ቀጥ ማለቱ ራሱ አናደደኝ። የድሮ ከሆነ አይቀር እንደ ድሮው መገልበጥ ነበረበታ!

ሶፋ በመግዛት ፈንታ ከጭቃ መደብ አሠራ። ፋኖስ ሰቀለ፤ ውስጡ አምፖል ያለው። በመጨረሻም እኛ ክረምቱን ለብሰን ያለፍነውን ዝተት፣ ያንን ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ፣ ወስዶ ግድግዳ ላይ በምስማር መታው። የራሱ ቤት ነው፣ ምን አገባኝ?

ያገባኝ ስንዱ የመጣች ጊዜ ነው። ስንዱ እዚህ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ አገሯ ቀየት። ጌትነት ስሟ ሲነሳ ጆሮው ድረስ የሚቀላ ሆኖልኛል። ልጁን እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ አውቀዋለሁ፤ እሷን ቢያጣ ሰው አይሆንም። ሽማግሌ ልከን፣ እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀየት ድረስ ሄጄ፣ አባቷን ጋሽ ደምሰውን ለመንናቸው።

"ትልቋን ልጄን ምላስ ላለው ሰው ዳርኩ" አሉን። "ይኸው ጣሪያው እያፈሰሰባት ትኖራለች። አሁን ወሬ አልሰማም። ቤቱን አይቼ ነው መልስ የምሰጠው።"

ቤቱን! ከዓለም ቤት ሁሉ ያንን ቤት!

ስመለስ ጌትነትን ተማጠንኩት። የእኔን ሶፋ ውሰድ፣ ቡፌዬን ውሰድ፣ መጋረጃዬንም ውሰድ፤ ሰውዬው አይተው እስኪሄዱ ብቻ። እንቢ አለ። "በውሸት ቤት አላገባትም፤ እንዳለሁ ይዩኝ" አለ። እንዲህ ሲለኝ ኮራሁበትም፣ በጥፊም ላጮለው አማረኝ።

ጋሽ ደምሰው የመጡ ዕለት ዶፍ ዝናብ መንገድ ላይ አገኛቸው። ጋቢያቸው ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ተቀብለን ደጃፍ ላይ አሰጣነው፤ እሳቸውን መደቡ ላይ አስቀመጥናቸው። ግድግዳውን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ጋዜጣውን አዩ። ከዚያ ጌትነትን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ወላጆቹ የሞቱበትን ልጅ በሚያዩበት ዓይን።

"ልስኑ እስኪያልቅ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ በቀስታ።

"አይ ጋሽ ደምሰው" አልኩ፣ ላብ ላብ እያለኝ። "ልስንማ ነበረው። አራግፎት ነው። ሆን ብሎ።"

"ሆን ብሎ?"

"ሆን ብሎ።"

"ድሃ ቢሆን ይሻለው ነበር" አሉ። "ድህነት ሲሠሩ ይለቃል። ለዚህኛው ጠበል ወስዳችሁታል?"

ጌትነት መሬት መሬቱን ያያል። ምሳ ቀረበ፣ እህሉ ግን አልወረደልንም። ጋሽ ደምሰው "በሉ፣ መልሴን ለሽማግሌዎቹ እልካለሁ" አሉ። በእኛ አገር መልስ እልካለሁ ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷል። የጌትነት ዓይን እንባ አቀረረ።

ሊነሱ ሲሉ ግን ብርዱ አንዘፈዘፋቸው። ጋቢያቸው ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ዙሪያውን ሲያማትሩ ዓይናቸው ዝተቱ ላይ አረፈ።

"እንዴ! እንግዳ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል? ግድግዳው በርዶት ነው?"

ይህን ብለው ተነሡና ዝተቱን ጨምድደው ሳቡት። ምስማሮቹ ጠብ ጠብ ብለው ወለሉ ላይ ረገፉ። ከኋላው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የበሬ ቆዳ የሚያክል ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን! እኔ ራሴ መኖሩን አላውቅም። ለካ ጌትነት የቤቱን የድሮ መልክ ያበላሽብኛል ብሎ ሸፍኖት ኖሯል።

ጋሽ ደምሰው ዝተቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጥቁሩ መስታወት ውስጥ የራሳቸውን ፊት አዩ። ዞር ብለው ጌትነትን አዩት። እንደገና ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ጋዜጣውን አዩ። ፊታቸው እንደ መስከረም ሰማይ ሲጠራ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

"አሃ" አሉ። "አሃ!"

የእኛን አገር ሰው ካላወቃችሁት ልንገራችሁ። ገብሱ እንዴት ቢያምርለት፣ "ዘንድሮ መኸሩ እንዴት ነው?" ብትሉት፣ "ምን እህል አለ ብለህ ነው!" ይላችኋል። ለእንግዳ የሚታየው ጎታ ጎዶሎው ነው፤ ሙሉው ጓዳ ነው። ከሰው ዓይንም፣ ከተበዳሪም፣ ከቀማኛም የሚያድነው ይሄ ነው ብለን ነው ያደግነው።

ጋሽ ደምሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ያለውን ሁሉ ሸሽጎ የሌለውን ያሳያል። በዚህ ዕድሜው! እኔ እንኳ ይህን ያወቅሁት ከሸበትኩ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ይይዛል።"

"ኧረ አባቴ፣ እኔ እኮ ለውበት ብዬ..." ብሎ ጌትነት ሊጀምር ሲል እግሩን በጫማዬ ረገጥኩት።

ልጃቸውን ሰጡን። ሠርጉም አማረ። ስንዱ በገባች በሳምንቷ ጥቀርሻውን ነጭ ቀለም አስቀባችው፤ መሰላሉን የያዘው ራሱ ጌትነት ነው። እስከ ዛሬ ስንዱን ያገኘሁት ቤቴ አምሮ ስለታየ ነው ብሎ ያምናል። እኔም ልቡን አልሰብርም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ዘመድ ሆነናልና ጋሽ ደምሰውን እኔም በተራዬ ቤቴ ጠራኋቸው። እስኪ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ይዩ ብዬ ነው፣ ምን እዋሻለሁ! ልስን አለ። ኮርኒስ አለ። ሶፋ ከነዳንቴሉ፣ ቡፌ ከነብርጭቆው፣ ግድግዳው ላይ ሚዳቋ የተሣለችበት ስጋጃ። እሳቸው ገብተው ቁጭ አላሉም። ቀጥ ብለው ወደ ስጋጃው ሄዱና ጫፉን ገለጥ አደረጉት።

ግድግዳ። ልሙጥ ግድግዳ።

ቀስ ብለው ለቀቁት። ቡፌውን በመስታወቱ አዩት። "ያለው ይሄው ነው?" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ይሄው ነው ጋሽ ደምሰው!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ሁሉም እዚሁ ነው!"

"እግዜር ይጨምርልህ ልጄ" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከቀየት አንድ አህያ ሁለት ጆንያ ገብስ ተጭና ደጃፌ ቆመች። የጋሽ ደምሰው መልእክት አጭር ነው፤ "ለልጆችህ ትሁን፣ ለማንም አልነገርኩም።" ባለቤቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። "አሁኑኑ መልስ!" አለችኝ። ግን እንዴት ተብሎ ይመለሳል? ብመልሰው ጭራሽ ድሃ ኩራተኛ እባላለሁ።

አንዱን ጆንያ በልተናል። ቆሎው እንዴት ይጥማል! ሁለተኛውን ከስጋጃው ጀርባ አቁሜዋለሁ፤ ሚዳቋዋ ያረገዘች መስላለች። ጋሽ ደምሰው ለፋሲካ ይመጣሉ።